ነፍስ ይማር የማይሉት ሰዎች

እሑድ ነበር። ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበረብን፤ መቅረት አይቻልም። ወንድሜና እኔ ከኋላ ተቀምጠን፣ ሲጨበጨብ አጨብጭበን፣ እጅ ሲወጣ እጅ አውጥተን ወደ ቤት ተመለስን። እናታችን ምሳ አቅርባ ጠበቀችን። ወንድሜ የሥራ ቱታውን አጥቦ አጥሩ ላይ አሰጣው፤ ለሰኞ እንዲደርስለት። ሰማዩ ደመና ስለነበረ «አይደርቅም» አልኩት። «እርጥቡንም ቢሆን ይለበሳል» አለኝ። ከዚያ ጠዋት የማስታውሰው ይኸው ነው። የበለጠ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረ። ወንድሜ ጴንጤ ነበር። ቤተሰባችን ከጎጃም የመጣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። በዚያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ ጴንጤ መሆን የቤተሰብ ጭቅጭቅ ብቻ አልነበረም። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ግቢው መጋዘን ሆኗል። ተሰብስበው የተገኙ ይታሰራሉ። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየሰው ቤት ይገናኙ ነበር። እኔ አብሬው የምሄደው ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው። አይ፣ ይህም ሙሉ አይደለም። እዚያ ቤት የምወደው ነገር ስለነበረም ነው።

ከምሳ በኋላ ወጣን። ወንድሜ ለእናታችን «ጓደኛ ጋ ደርሰን እንመጣለን» አላት። የትኛው ጓደኛ እንደሆነ አልጠየቀችም። የምታውቅ ይመስለኛል።

ቤቱ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሳይደረስ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነበር። ባለቤቱ ከወላይታ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። የምንሰበሰበው ቅቤው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ጫማችንን አውልቀን ይዘን እንገባለን፤ ደጃፍ ላይ የብዙ ሰው ጫማ እንዳይታይ። ወፍጮው ሲሠራ ይዘመራል። ወፍጮው ሲቆም መዝሙሩም ባለበት ይቆማል፤ ሁሉም አፉን ይዘጋል። ከዚያ የሚቀጥለው እህል ይገባና ከቆሙበት ስንኝ ይቀጥላሉ።

የምወደው ነገር ግን ሌላ ነው። እኔ ስናገር ምላሴ ይያዛል። በሰፈር ተብታባው ነው የምባለው። ትምህርት ቤት መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ የኔ ተራ ሲደርስ ዘሎኝ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ለኔ አዝኖ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ደንብ ነበራቸው። የሚናገርን ሰው ቃሉን ከአፉ አይነጥቁትም። አማርኛው ቢሰበር አያቃኑለትም፤ ቢዘገይ አይጨርሱለትም፤ ያለው ነገር ባይዋጥላቸውም እስኪበቃው ይሰሙታል። መልስ ያለው ከዚያ በኋላ ይመልሳል። ደንቡን ያመጣው ወንድሜ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በኔ ምክንያት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም።

የዚያን ዕለት ቅቤ ነጋዴው ሽማግሌ አንድ ነገር ልናገር ብለው ተነሱ። እሳቸው አማርኛን ያወቁት ገበያ ውስጥ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋሉ።

«ጎረቤቴ ሞተች» አሉ። «ሰውዬው። ጥሩ ሰው ነበረች። ድንኳን ገባሁ። ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር አለች፣ እኔ ዝም አልኩ። ሚስቲቱ አየኝ። እያለቀሰ አየኝ። እኔ እንደ ድንጋይ ተቀመጥኩ። ነፍስ ይማር ማለት እግዚአብሔር ይማር ማለት ናት። እግዚአብሔር ደግሞ ትምራለች። እኔ ይህን ብለምን ምን አጠፋሁ?»

«ትምራለች» ሲሉ አንዲት ልጅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አጠገቤ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ይምራል» ብሎ ሊያቃናላቸው ጀመረ። ወንድሜ ተማሪውን ሳይቆጣ «ይጨርሱ» አለ።

ሽማግሌው ጨረሱ። ከዚያ ተማሪው ተነሳ። ይህ ልጅ ንግግሩ የተጣራ ነው፤ ጥቅሱን ሳይገልጥ ይጠራል። ግን ነገሩን በቀላሉ የሚናገር ሰው አልነበረም። በዚህ እምነት ምክንያት ታስሮ ወጥቷል፤ እግሩ እስከ ዛሬ በደንብ አይረግጥም። ሰው ከሞተ በኋላ የሚለመንለት ነገር እንደሌለ፣ ሰው ደስ እንዲለው ብሎ ያላመኑትን መናገር ደግሞ ብዙዎች የተገረፉበትን ነገር መካድ እንደሆነ ተናገረ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ሲጨርስ «ሰማሁ፤ ልቤ ግን እምቢ አለች» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ወንድሜ መጨረሻ ላይ ተናገረ። እሱ ከተማሪው ጋር ነው። «እኔ ለማንም አልልም፤ ለኔም ባይሉልኝ እመርጣለሁ፤ ፍትሐትም አልፈልግም። ግን አባባ ያሉትን እንዲሁ አልጥለውም፤ አስብበታለሁ» አለ።

ይህን እየተናገረ ሳለ ወፍጮው ቆመ። ከውጭ የሰው ኮቴ መጣና አጥሩ ጋ ቆመ። አንዱ እየሸና ነበር መሰለኝ። ሁላችንም ጫማችንን አቅፈን ወለሉን እናያለን። ኮቴው ሄደ። ወፍጮው ሲነሳ ጫማችንን መልሰን መሬት አስቀመጥን።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። እናታችን ፍትሐት አልፈልግም ያልከውን ብትሰማ ምን ትሆናለች ልለው ፈለግኩ። ይህን ለማለት ከድልድዩ እስከ ቤታችን በር ፈጀብኝ። እሱም ከድልድዩ እስከ በሩ ጠበቀኝ። ከዚያ «አውቃለሁ» አለ። እናታችን በሩን ከፍታ ወደ አንገቱ ጠጋ አለችና «ዛሬም ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ» አለችው። «ጠጉሬ ሸሽቶ ነው እማዬ፣ ተቀብቼው ነው» አላት። ገና በሃያዎቹ ግንባሩ መመለጥ ጀምሮ ነበር። ሳቀች።

ሰኞ ቱታው አልደረቀም ነበር፤ እንደዚያው ለብሶት ሄደ።

የሚቀጥለውን ረጅም አድርጌ መጻፍ አልችልም። ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ሽቦ ሲቀጥል ክሪኩ ሸሸ። እኔን ከክፍል ጠሩኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ የጋራዡ ልጆች ደጅ ቆመው ነበር። አንደኛው የወንድሜን ፒንሳ ይዟል። ማንም አልነገረኝም፤ ፒንሳውን ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ዕድሩ ድንኳን ተከለ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ ሁሉን ነገር እሱ ያዘ። እናቴ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእህቱ አጠገብ። ሕፃን ሆና የሞተች እህት ነበረችን፤ በደብሩ ግቢ ነው የተቀበረችው። እናቴ ለቅዳሴ በሄደች ቁጥር እዚያ ትቆማለች። አሁን ሁለቱን በአንድ ላይ ልታገኛቸው ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ግን በሰፈሩ ወሬ ነበረ። ልጁ ሃይማኖቱን ለውጧል የሚል። ለውጦ የሞተ ሰው በዚያ ግቢ አይቀበርም፤ ፍትሐትም አይደረግለትም። የንስሐ አባታችን አጣርተው «የኛ ነው» ካላሉ የደብሩ አለቃ መሬት አይፈቅዱም። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ደግሞ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ጎረቤታችን ነው። ወንድሜ ሬዲዮውን በነፃ ጠግኖለት ያውቃል፤ ከልቡም አዝኖ ነው የመጣው። ጆሮውን ግን ቤቱ ትቶ አልመጣም።

በሰፈራችን ለቅሶ የሚገባ ሰው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆም ብሎ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ከዚያ ይቀመጣል። ይህን የማይል ሰው ማን እንደሆነ በዚያን ጊዜ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ በሩን በሩን አያለሁ። እንዳይመጡ እየለመንኩ ነበር። ይመጣሉ ብዬም እጠብቅ ነበር።

ተማሪው መጣ። እግሩን እየጎተተ ገባና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ይህም የለቅሶ ቃል ነው፤ ማንም ይለዋል። ሊቀመጥ ሲል ጠባቂው ቀና አለ።

«ሌላውስ?» አለው።

«ሌላው ምን?»

«ሟቹ ነፍስ የለውም እንዴ?»

ተማሪው አልተቀመጠም፣ አልወጣም። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ቃሏ ሁለት ናት፤ ብሏት ቢቀመጥ ነገሩ ያልቃል። ከንፈሩ ግን አልተላቀቀም። ጠባቂው «ከየት ሰፈር ነህ አንተ?» ብሎ ጠመንጃውን አቀና።

በዚህ መሐል ቅቤ ነጋዴው ከኋላው ገቡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው፣ ጮክ ብለው «ነፍሷን ይማር» አሉ። «ወንድማችን ጥሩ ልጅ ነበረች።»

አንድ ሰው ከጥግ ሳቁን ለመያዝ ሳል አስመሰለ። ጠባቂው ዞሮ አያቸው። «አባባ፣ የሞተው ወንድ ነው እኮ» አላቸው።

«አዎ» አሉ። «ወንድ ናት።»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ሰው ሁሉ ረሳው። አጎቴ እንኳ በእጁ አፉን ሸፈነ። ጠባቂው ራሱን እየነቀነቀ «ግቡ አባባ፣ ግቡ» አለ። ሽማግሌው ገብተው፣ ተማሪውን በክንዱ ይዘው፣ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው አስቀመጡት። ጠባቂውም ከዚያ በኋላ አልጠየቀውም።

ሽማግሌው ያመኑትን ነው የተናገሩት? ወይስ ተማሪውን ከጠባቂው ለማውጣት? አላውቅም። ልቤ እምቢ አለች ብለው ነበር። ወንድሜ ደግሞ ባይሉልኝ እመርጣለሁ ብሎ ነበር። ተማሪውን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ የሽማግሌው እጅ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ያለቅስ ነበር። ቃሏን ግን አላላትም። ሽማግሌውም «አንተም በላት» አላሉትም።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ የንስሐ አባታችን መጡ። ሁላችንም ተነስተን መስቀል ተሳለምን። ትንሽ ጸለዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ የልጁ ነገር እንዴት ነው ብለው አጎቴን ጠየቁት።

«የእርስዎ ልጅ ነው አባታችን» አለ አጎቴ። «ምን ጥያቄ አለው?»

«እሱ ይንገረኝ» አሉ፤ ወደኔ እያዩ። «አብረው ነው የሚያድሩት።»

ተነሳሁ። «ወ... ወን... ወንድሜ...» አልኩ።

«ይጾም ነበር ማለቱ ነው» አለ አጎቴ።

እንደገና ጀመርኩ። «እ... እሱ...»

«ልጁ ምላሱ ይይዘዋል አባታችን። ዛሬ ደግሞ አዝኗል፤ አይፍረዱበት።»

ሁሉም ያየኛል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ታየኛለች፤ ጠባቂው ያየኛል። እውነቱን ብናገር እናቴ የለመነችው ይቀራል። ጠባቂው ደግሞ የት ይሰበሰብ ነበር፣ ከማን ጋር ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ዝም ብል ደግሞ ወንድሜ አልፈልግም ያለውን ነገ በላዩ ላይ ያደርጉበታል። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አጎቴ ትከሻዬን ይዞ ተቀመጥ አለኝ። ተቀመጥኩ። ካስቀመጠኝ በኋላ ቀለለኝ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ንስሐ አባታችን ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ይሁን አሉ። ሲወጡ አጠገቤ ደርሰው መስቀሉን እንደገና ግንባሬ ላይ አደረጉና «ጠዋት ቤት ነኝ» አሉ። አጎቴ ለእሱ የተናገሩ መስሎት «እሺ አባታችን» አለ።

ጠዋት ሰዓት እላፊው እንደተነሳ ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም። ቤታቸው ከደብሩ አጥር ተጠግቶ ነው። ደጃፋቸው ላይ ፊታቸውን እየታጠቡ አገኘኋቸው። በፎጣ አብሰው፣ በርጩማ አውጥተው ሰጡኝና እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አጎንብሰው መሬቱን አዩ። ፊቴን ቢያዩኝ እንደሚብስብኝ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ጀመርኩ። «ወንድሜ» እስከሚለው ድረስ ደህና ነበር። ቀጥሎ ያለው ቃል ግን ጴ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ለኔ ከፊደል ሁሉ እሱ ይከፋል። ከንፈሬ ተጣብቆ ቀረ። የምለውን ያውቁታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው ቢሉልኝ ራሴን ነቅንቄ ልገላገል እችል ነበር። አላሉልኝም። አንዲት መነኩሲት ሰላምታ ልትሰጥ መጣች፤ በእጃቸው ምልክት መለሷት። እኔ ከዚያ ቃል ጋር እየታገልኩ ፀሐይዋ ደረጃው ላይ ደረሰች።

አልኩት።

የቀረውን ከዚያ በኋላ ተናገርኩ። ፍትሐት አልፈልግም እንዳለ፣ ነፍስ ይማርም ባይሉልኝ እንዳለ፣ እናቴ ደግሞ ከእህቱ አጠገብ እንደምትል። የማን ቤት ይሄድ እንደነበር አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝም።

ስጨርስ «በዚህ ተሳስቷል» አሉ። «ስለሞተ ብዬ አልሸፋፍንልህም።»

እሺ አልኩ።

«አንተስ?»

እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ አልኳቸው። ግን እሱም ወንድሜ ነው አልኩ።

«ያልፈለገውን ጸሎት አፉ ከተዘጋ በኋላ ብጭንበት መዋሸት ይሆንብኛል። ፍትሐቱን አላደርግም። መሬቱን ግን አለቃውን እለምናለሁ። ከእህቱ አጠገብ አይሆንም፤ ይህን አትጠብቅ። ከአጥሩ ሥር በባሕር ዛፉ በኩል እንግዳ የሚቀበርበት ቦታ አለ። እዚያ ቢፈቅዱ ትልቅ ነገር ነው።» ተነሱ። «ለእናትህ አንተ ንገራት። አጎትህ አይደለም፤ አንተ።»

አለቃው ዘንድ ገብተው እስኪወጡ ቆሜ ጠበቅኩ። ከውስጥ የክርክር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቃሉ አይለይም። ሲወጡ ፊታቸው ቀልቷል። ያለ ቄስ፣ ያለ መስቀል፣ ያለ ደወል አሉኝ፤ ግን ተፈቅዷል።

ቤት ስደርስ አጎቴ በር ላይ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ሲያውቅ እጄን ጨምቆ ወደ አጥሩ ገፋኝ። «ለእናትህ ብዬ ነው የዋሸሁት» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ ለማን ብለህ ነው?» መልስ ነበረኝ፤ ለማለት ግን ጊዜ አልሰጠኝም። አልፌው ገባሁ።

እናቴ ወለሉ ላይ፣ ሴቶቹ መካከል ነበረች። ፊቷ ተንበርክኬ ነገርኳት። ሁለቴ ቆምኩ፣ ሁለቴ ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤት «እሜትዬ፣ ልጁ ሊል የፈለገው» ብላ ጀመረች፤ እናቴ እጇን ጎረቤቷ ጉልበት ላይ አደረገች፣ ሴትየዋ ተወች። ስጨርስ እናቴ አልጮኸችም። እንዴት አደረግህብኝም አላለችኝም።

«ከእህቱ ይርቃል?» አለች።

ይርቃል አልኳት። ከእሷ ጋ ሲቆሙ ግን ይታያል አልኩ። ይታይ አይታይ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ዶማና አካፋ ይዤ ወጣሁ። የጋራዡ ልጆችና ሁለት የዕድሩ ወጣቶች ተከተሉኝ፤ ሌሎች ሁለት የዕድሩ ልጆች ደግሞ እኛ እዚያ አንቆፍርም ብለው ቀሩ። ተማሪውን ደብሩ አጥር አጠገብ ቆሞ አገኘነው። መግባት ይፈቀድልኛል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ግባ አልኩት። እግሩን እየጎተተ ገባና አካፋውን ተቀበለኝ። የባሕር ዛፉ ሥር መሬቱን ሁሉ ይዞት ነበር፤ ዶማው ይነጥራል። ጉልበት ድረስ እንኳ ሳንወርድ አንድ ወፍራም ሥር አቆመን።

አጎቴ ከኋላ መጣ። አላናገረኝም፤ ተማሪውንም አላየውም። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፤ ይዞት የመጣውን መጥረቢያ ይዞ ወረደና ሥሩን መቁረጥ ጀመረ። ሲደክመው መጥረቢያውን ወደ ላይ ዘረጋው፤ ወደ ማን እንደዘረጋው ሳያይ። ተቀብዬው ወረድኩ።

ከተራዬ በኋላ ወጥቼ፣ ለእናቴ ያልኳት እውነት ይሁን አይሁን ላይ ብዬ እህቴ መቃብር ላይ ቆምኩና ወደ አጥሩ አየሁ። ቆፋሪዎቹ ከወገባቸው በላይ ይታያሉ።